ስድስተኛው ቀዳዳ

እሁድ፣ ኤፕሪል 6

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽጉጥ ጽዳት። ባለቤቴ ዴልበርት ይተኩሳል፣ እኔ አጸዳለሁ... ሠላሳ አንድ ዓመት። ዴል ሶፋው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ትንሿ ስድስት ጎራሽ የጥንት ከብት ነጂዎችን ሽጉጥ አስመስለው የሠሯት ናት። ጥይቷ የባቄላ ፍሬ አታክልም፤ ጥላሸቷ ግን የምድጃ ነው። በጥርስ ብሩሽ ስፈትጋት ዋልኩ።

ስድስት ቀዳዳ አላት፤ የሚጎርሱት ግን አምስቱ ናቸው። አሠራሯ የድሮ ስለሆነ፣ መምቻዋ ጥይት ላይ አርፎ ከእጅ ብትወድቅ ትተኩሳለች። ስለዚህ አንዱ ባዶ ይቀርና መምቻው እዚያ ላይ ያርፋል። ዴል ደግሞ ባዶውን ዝም ብሎ አይተወውም። ተኩሶ ሲጨርስ ወረቀት ጠቅልሎ ይከትበታል። ለእኔ። ዛሬ ያገኘሁት፣ ትላንት ከተኩስ ክለቡ ውድድር በኋላ ስለ ጓደኛው የጻፈው፦ “ክሌተስ ዛሬም አሸነፈኝ። ሚስቱ ግን እንዳንቺ የኮክ ኬክ አትጋግርም።” ሞኝ!

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ከማሰማሪያው ጀርባ ብቻውን ሲለማመድ ዋለ። ዒላማ ያደረገው ቆርቆሮ ሲጮህ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኛል። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ሠራሁ። ባቄላው ላይ ሁለቴ ጨው ነሰነሰ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ትንሿን ፈታኋት። ወረቀት የለም።

ስድስቱም ጥቁር።

ደግሜ ቆጠርኩ፣ በጣቴ። ስድስቱም... በዚህ ሁሉ ዓመት ስድስተኛው ጠቁሮ አላየሁም። እንግዲህ ስድስት አጉርሷት፣ ወገቡ ላይ ታጥቋት ያን ሁሉ ሜዳ በእግሩ አቋርጧል። ቢደናቀፍስ ኖሮ?

“ዴል፣ ትላንት ስንት ጥይት ነበር ያጎረስካት?”

“ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አምስት።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“አንቺ ሴትዮ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው ይሄን የማውቀው!”

ሳቀ። በሁለት ዓመት እንደምበልጠው ረስቶት ነው? ወይስ ቀልዱ ነው? ድሮ ቢሆን ይህን ራሴን አልጠይቅም ነበር። የመኪና ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ መገኘቱ፣ የልጃችን የጆሊን ቤት መንገድ ጠፍቶበት መዞሩ... ለሁሉም ምክንያት ፈልጌለት ነበር። ለዚህ ግን የለኝም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

ነገ የክለቡ ውድድር ነው። ለክሌተስ ልንገረው? ሁሉም ሽጉጡን የሚያጎርስበት ጠረጴዛ ኃላፊ እሱ ነው። ከነገርኩት ያስቆመዋል። ቅዳሜን ከነጠቅኩት ደግሞ ምን ይቀረዋል?

ባርኔጣውን ያቦርሻል። ያፏጫል። ክለቡ ውስጥ ሁሉም የጥንት ልብስና የጥንት ስም አለው። የእሱ “ጭልፊት” ነው፤ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ ያህላል። እወደዋለሁ... ይህን ሽማግሌ። ግን ነገ ከጎኑ የሚቆሙትም የሰው ልጆች ናቸው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ለክሌተስ ነገርኩት። መኪና ማቆሚያው ጋ፣ ዴል ቦት ጫማውን ሲያጠልቅ።

ክሌተስ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ እንደ ልማዱ ጮኸ፦ “ጭልፊት! ዛሬስ ዓይንህን ይዘህ መጣህ ወይስ ቤት ረሳኸው?”

“አንተን ለማሸነፍ ዓይን ምን ያደርጋል!”

ዴል ሁሉም እንደሚያደርገው ጮክ ብሎ እየቆጠረ ማጉረስ ጀመረ። “አንድ አጉርስ። አንዱን ዝለል። አራት አጉርስ።” አፉ አልተሳሳተም። ጣቱ ግን ተመልሶ የተዘለለውን ቀዳዳ ሞላው።

ክሌተስ እጁን በዴል እጅ ላይ ጫነ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ወንድሜ፣ ዛሬ ይቅርብህ” አለው።

ዴል ሽጉጧን አየ። ክሌተስን አየ። ከዚያ እኔን።

“ነግረሽዋል።”

“ነግሬዋለሁ።”



ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

እንዳኮረፈ ነው። ቁርስ ሳቀርብለት “አመሰግናለሁ” ይለኛል፣ ለምግብ ቤት አስተናጋጅ እንደሚባለው። ጋራዥ ገብቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

ክሌተስ መጥቶ ጥይቱን በሙሉ ወሰደ። የደወለለት ዴል ራሱ ነው። የሽጉጥ ማስቀመጫውን የብረት ሳጥን ቁልፍም አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

ሳጥኑን ስከፍት ትንሿ የማጽጃ ፎጣዬ ላይ ተጋድማለች። ስድስተኛው ውስጥ ወረቀት!

“እኔም አውቄው ነበር። ፈርቼ ነው። አንቺ ተኩሺ። እኔ እቆጥርልሻለሁ።”

እኔ?! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሹራብ የሠራሁ ሴት!

ሄጄ አቀፍኩት። መላጨት አለበት።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 25

ክሌተስ ጥይት ይዞ መጣ፤ አለማመደኝ። ሃያ ተኩሼ አንድ መታሁ። ዴል፦ “እሱም ቆርቆሮው አዝኖልሽ ነው።” ከኋላዬ ቆሞ ሲስቅ ሆዱ ጀርባዬን ይነካኛል። ምነው ቶሎ በጀመርኩ...

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

ረጅሙን ቀሚስ ለብሼ፣ የእሱን የሽጉጥ አፎት ታጥቄ። ቀበቶው ዞሮኝ ተረፈ።

ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ። ሽጉጧን አነሳሁ፣ ሁሉም ነገር ከራሴ ጠፋ። መጀመሪያ ምን ነበር? ከኋላዬ የዴል ድምፅ መጣ፣ ረጋ ብሎ፦

“አንድ አጉርሺ። አንዱን ዝለይ። አራት አጉርሺ። አይዞሽ፣ እዚህ ነኝ።”

ጠዋት የጆሊንን ስም ፈልጎ አጥቶት ነበር። ይህን ግን አንድም አልሳተም።

ከአምስት ሁለት መታሁ። ክሌተስ በድምፅ ማጉያ “የጭልፊት ሚስት!” ብሎ ስም አወጣልኝ። ዴል ባርኔጣውን ወደ ላይ ሲወረውር ነፋሱ አጥር ማዶ ወሰደበት። ግማሹ ክለብ ተከትሎት ሮጠ።

እሁድ፣ ሜይ 11

ጽዳት። የተኮስኩትም እኔ፣ የማጸዳውም እኔ! አምስት ጥቁር፣ አንድ ንጹሕ። ንጹሑ ውስጥ ወረቀት አለ። ትላንት ሳጥኑን ከመቆለፌ በፊት ከትቶት መሆን አለበት። ስለ ሁለቷ ቆርቆሮ ሊያሾፍብኝ ነው ብዬ እየሳቅኩ ገለጥኩት።

“የምትተኩሰው ሚስቴ ናት። ስሟ ቬርና ነው።”

ለእኔ አይደለም... ለራሱ ነው።

ወረቀቱን ጠቅልዬ እዚያው መለስኩለት። ስሜ ሲጠፋበት የት እንዳለ ያውቃል።