መምህር መርስዔ ኃዘን ሽመክት እና የቆርቆሮው ታንክ

መምህር መርስዔ ኃዘን ሽመክት ከአባታቸው ከአቶ ሽመክት ደስታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተኪዳን ጥላዬ በ1950 ዓ.ም. በመንዝ፣ ከቀየት ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች በፈንጣጣ አልቀው ስለነበር እናታችን «ኀዘኔን የሚያስረሳኝ ነው» ብለው ይህን ስም አወጡላቸው። ስሙ ለእናታችን ሠርቷል። ለባለቤቱ ሠርቷል ለማለት ግን እኔ ታናሽ እኅታቸው ምሥራቅ አልደፍርም። ይህን ጽሑፍ ጻፊ ስባልም፣ እንዳለ እጽፋለሁ እንጂ እንደ ወጉ አላሳምርም ብዬ ነው የተቀበልኩት።

ፊደል የቆጠሩትና ዳዊት የደገሙት በደብራችን ከየኔታ ዘንድ ነው። ዘመናዊ ትምህርታቸውን ቀየት ጀምረው መሐል ሜዳ ቀጠሉ። ከፊደል ገበታ አንሥቶ ከጎናቸው ያልጠፋው የጎረቤታችን የወ/ሮ አስካለ ማርያም ልጅ ቅጣው ነበር። ቅጣው ለእናቱ አንድ ነው፤ አባቱ ገና ዳዴ ሲል ሞተውበታል። የእኛ እናት ሁለቱ አብረው ሲገቡ ሲወጡ እያዩ «እነዚህስ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው አያርስም» ይሉ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ሁለቱም ወደ ጦር ሠራዊቱ ገቡና ለታንከኛነት ሠለጠኑ። ወንድማችን ሾፌር ሆኑ። ቅጣው ደግሞ አጉራሽ ሆነ። አጉራሽ ማለት በታንኩ ውስጥ ከመድፉ በስተቀኝ ሆኖ ጥይቱን እያነሣ ለመድፉ የሚያቀብል ወታደር ነው። ከመዝመታቸው በፊት ለስንብት ወደ አገር ቤት ሲመጡ ወ/ሮ አስካለ ማርያም ልጃቸውን «ምን አሠሩህ?» ብለው ጠየቁት። «ማጉረስ ነው ሥራዬ እማዬ፤ አጉራሽ ነኝ» አላቸው። እሳቸው ደስ ብሏቸው፣ ልጄ ወጥ ቤት ነው፣ ጓደኞቹን የሚያበላ ነው፣ ተኩሱ ዘንድ አይደርስም ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። ቅጣው ፈገግ አለ እንጂ አላረማቸውም። ለእናቱ አዝኖ ይሁን ለቀልድ፣ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ወንድማችንም አጠገቡ ቆመው ሲስቁ አይቻቸዋለሁ።

በ1970 ዓ.ም. በምሥራቁ ጦርነት ታንካቸው ተመታ። አዛዡና ተኳሹ ወዲያው ሞቱ። ወንድማችን በፊት ለፊቱ የሾፌር ክዳን ወጡ። ከዚያ ታንኩ አናት ላይ ወጥተው በቅጣው በኩል ያለውን ክዳን በሁለት እጃቸው ሳቡት። ብረቱ ጎብጦ ስለነበር አልተንቀሳቀሰም፤ መዳፋቸው እዚያው ተቃጠለ። ከውስጥ ይንኳኳ ነበር። ይህን እኛ ያወቅነው እጅግ ዘግይተን ነው። ቦታው በጠላት እጅ ስለወደቀ የማንም አስከሬን አልተነሣም፤ ለቤተሰቡም የደረሰበት አልታወቀም ተባለ።

ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ከተኙ በኋላ በ1971 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ተሰናብተው ወደ ቀየት ተመለሱ። ወ/ሮ አስካለ ማርያም መንገድ ድረስ ወጥተው፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ «ልጄን የት ጣልከው?» አሏቸው። ወንድማችን በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን እያዩ «ተለያየን» አሉ። ውሸት አይደለም። እኒያ እናት ግን ያችን አንዲት ቃል ከ«አጉራሽ» ጋር አጋጥመው፣ ልጄ ወጥ ቤት ነበረ፣ ተለያዩ እንጂ አልሞተም፣ ወጥ ቤትን ደግሞ የሚገድል የለም፣ ምርኮኛ ሆኖ እዚያ ለሰዎቹ ያበስላል ብለው ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሐሳብ ኖሩ።

ወንድማችን መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው ከተመረቁ በኋላ ሞላሌ ተመድበው የእጅ ሥራና የሒሳብ መምህር ሆኑ። እስከ ጡረታቸው ድረስ ከዚያ አልወጡም። በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ ትርሲት ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሐናን፣ ይሥሐቅንና ትህትናን አፍርተዋል። ተማሪዎቻቸው ቁጡ ነበሩ ይሏቸዋል። እውነት ነው። ጠማማ መሥመር ያሰመረ ልጅ እሳቸው ፊት ቆሞ ደህና ቀን አላየም።

በ1980 ዓ.ም. ከሶማሊያ ምርኮኞች ተመለሱ ሲባል ወ/ሮ አስካለ ማርያም አዲስ አበባ ወረዱ። ይዘዋቸው የሄዱት ወንድማችን ናቸው። ልጁ መሞቱን እያወቁ፣ እናቱ ከወረደው ሰው ሁሉ መካከል ልጃቸውን ሲፈልጉ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው አጠገባቸው ቆሙ። ቅጣው ሳይገኝ ሲቀር እናቱ «የቀሩ አሉ ማለት ነው» አሉ። ወንድማችን «ይኖራሉ» አሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሳቸው ዝምታ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከውስጥ ሲነቅዝ እኛ ቤተሰቦቻቸው አይተናል። በእንቅልፋቸው ይጮኻሉ። የተዘጋ በር ካዩ ይከፍታሉ፤ የሞላሌ ብርድ እየገባብን በራችን ተከፍቶ ይከርም ነበር።

ካህናቱ ለቅጣው ፍትሐት ይደረግለት፣ ተዝካሩም ይውጣ ብለው ደጋግመው ቢመክሩ እናቱ «ለሕያው ልጅ ፍትሐት አይፈታም» ብለው መለሱ። ወንድማችንን ግን በየዓመት በዓሉ «አንተ ነህ የነበርከው፤ ቁርጡን ንገረኝ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ያመጡትን ስኳርና ሻማ አስቀምጠው፣ ወሬ ለውጠው ይመለሳሉ።

በ2003 ዓ.ም. ይሥሐቅ፣ አባቴ ታንከኛ ነበር ብሎ፣ እየተገጣጠመ የሚሠራ የፕላስቲክ ታንክ ከአዲስ አበባ በስጦታ አመጣላቸው። ከጫማ አይበልጥም። ሰንሰለቱም መድፉም ልክ ነበር። ወንድማችን ገጣጥመው ሳይጨርሱ የታንኩን ራስ፣ መድፉ ያለበትን ክፍል፣ አነሡና ወደ ውስጥ ተመለከቱ። «ባዶ ነው እኮ» አሉ። ልጁ፣ ከላይ ሲዘጋ ውስጡ አይታይም አላቸው። ያን ቀን እራት አልበሉም።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ዕቃ አልተረፈም። የሰርዲን ጣሳው ተቆርጦ የታንኩ የውስጥ ግድግዳ ሆነ፤ የብስክሌት ራጂ መሪና ማርሽ ሆነ፤ ያለቀ የእስክሪብቶ ቀሰም ተቆራርጦ የመድፍ ጥይት ሆነ። የወ/ሮ ትርሲት የጥፍር ቀለም የት እንደገባ ሲፈለግ መብራቶቹ ላይ ተገኘ። የእኔ የቆዳ ጓንት አውራ ጣቱን አጥቶ የወንበር ልባስ ሆነ። ወ/ሮ ትርሲት «እኔን ሳይቆርጠኝ ቢጨርስ» ይሉኝ ነበር። የታንኩን ውስጥ የሚያሳይ ሥዕልም ፎቶም አልነበራቸውም። በርጩማ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጡና እጃቸውን ወደ ባዶ ቦታ ይዘረጋሉ፤ እጃቸው የቆመበት ላይ ያ ዕቃ ነበረ ማለት ነው፤ ከዚያ ተነሥተው ይሠሩታል። በማግሥቱ ደግሞ ልክ አይደለም ብለው ይነቅሉታል። የተቃጠለ መዳፋቸው ቀጭን ነገር በቅጡ ስለማይዝ አንዲት ማንሻ ስትጥላቸው ስታነሣቸው ትከርማለች።

እኔ አንድ ቀን ተናድጄ «ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ለማን ነው?» አልኳቸው። «ለእማማ አስካለ። በአፌ አልቻልኩም። ካዩት ይረዱታል» አሉኝ። ያኔ ነው የክዳኑን ነገር፣ ከውስጥ ይንኳኳ እንደነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገሩኝ። አብረን አለቀስን። ከዚያ ተነሥተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

የፕላስቲኩ ታንክ በ2009 ዓ.ም. ተሠርቶ አለቀ። በጋቢ ጠቅልለው ይዘውላቸው ሄዱ። ወ/ሮ አስካለ ማርያም ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ ከዚያ «ድንጋይ ነው እንዴ ልጄ?» አሉ። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ወንድማችን ለበዓል ሲሄዱ እሳቸው ገና በኮቴ ለይተው በስማቸው ይጠሯቸው ስለነበር ዓይናቸው መጥፋቱን አላወቁም። ሐኪም ቤት ቢወስዷቸውም ጊዜው አልፏል ተባለ። የመድፉን ማነጣጠሪያ ሲያስተካክሉ፣ ሊያሳዩዋቸው የፈለጓቸው እናት ዓይን አለቀ። ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን እንደሚበጅ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ለራሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ፤ ዛሬም ተቆጥቻለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ጀመሩ። አሁን እጅ የሚገባበት መሆን ስላለበት ከዘይት ቆርቆሮና ከጽድ እንጨት የልብስ ስፌት መኪና ሳጥን የሚያህል አድርገው ሠሩት። ለዓይን የሚሠራ ነገር ለእጅ አይሆንም፤ ቀለሙ ቀረ፣ ልስላሴና ሻካራነት፣ ብርድና ሙቀት ተተካ። የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። የአጉራሹ ወንበር ይታጠፋል፣ ጥይቱ ይነሣል፣ የመድፉ ኋላ ይከፈታል፣ የሾፌሩና የአዛዡ ክዳኖች በማጠፊያ ላይ ይዞራሉ። አንዱን ክዳን ብቻ በብየዳ ደፈኑት።

ግንቦት 2015 ዓ.ም. ይዘነው ስንሄድ እኔም ነበርኩ። እማማ አስካለ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድማችን እጃቸውን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡላቸው። «ይኼ የእኔ ቦታ ነው እማማ። እዚህ ሆኜ ነው የምነዳው።»

«የቅጣውሳ?»

«በስተቀኝ። ይችውልዎ ወንበሩ።»

በጣታቸው ዳሰሷት። «ጠባብ ናት። ጉልበቱን የት ያደርገው ነበር? ረጅም አልነበር ልጄ!» አሉ። ቀጥለውም «ምግቡሳ? የሚያጎርሳቸው ከየት እያነሣ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ወንድማችን አንዱን ጥይት አንሥተው በእማማ መዳፍ ላይ አኖሩላቸው። «ይኼን ነው የሚያነሣው። የሚያጎርሰው መድፉን ነው።»

«ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም እማማ። መድፍ ነው።»

ጥይቱን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ መውጫ ፈለጉ። የሾፌሩን ክዳን ከፈቱ፣ ዘጉ። የአዛዡንም እንዲሁ። ከአጉራሹ ወንበር በላይ ያለውን ገፉት። ደግመው ገፉት። «ይኼኛው ተጣብቋል መርስዔ፤ አላስተካከልከውም» አሉ።

«ያኔም አልተከፈተም። እኔ ከላይ ሳብኩት፤ እሱ ከሥር ገፋው። አልተከፈተም።»

እጃቸውን ከውስጥ አላወጡም። ወንድማችን ተንበርክከው ነበር። በመጨረሻ ወ/ሮ አስካለ ማርያም «ምሥራቅ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቂልኝ» አሉኝ። አዘቀዘቅሁላቸው። ያን ጊዜ ለቅሶው ተጀመረ፤ ጎረቤቱም ሰምቶ መጣ። ለቅጣው በክርስትና ስሙ በወልደ ሰንበት ፍትሐት ተፈታ፣ ተዝካሩም ወጣ። ብዙዎቹ አልቃሾች ቅጣው ሲዘምት ያልተወለዱ ናቸው።

ወንድማችን ቀለላቸው ብዬ መጻፍ ብችል ደስ ባለኝ። አልቀለላቸውም። «ልጇን አላወጣሁላት፤ ተስፋዋን ደግሞ ነጠቅኋት» ይሉ ነበር። ወ/ሮ አስካለ ማርያምም ያን ክረምት በሙሉ ደጃቸውን አላስረገጧቸውም። ያን ሁሉ ዘመን ስላስጠበቋቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም። በመስቀል ሰሞን ግን ራሳቸው ሰው ልከው አስጠሯቸውና «ከአንተ በቀር ማን አለኝ፤ እህል ቅመስ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድማችን በየሳምንቱ እየሄዱ አጠገባቸው ይውሉ ነበር።

ወንድማችን በሳንባ ሕመም ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሞላሌና በደብረ ብርሃን ሲታከሙ ቆይተዋል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ትርሲትን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን እኅታቸውን፣ እንዲሁም እንደ እናት የሚጦሯቸውን ወ/ሮ አስካለ ማርያምን ትተዋል።

ለወ/ሮ አስካለ ማርያም መርዶ እንዲነግሩ ሽማግሎች ትናንት ማለዳ ተልከው ነበር። ገብተው ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጓሳ ሣር፣ ስለ ሰው ደህንነት አወሩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው መቋሚያውን አዟዟረ። ማንም አልወጣውም። በመጨረሻ እሳቸው ተቆጡ፦ «ሞተ በሉኛ! እሱ እንኳ እንደዚያ ከብዶት የቅጣውን ሞት ነግሮኛል።»

በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ ይባላል። እኔም እንዲያ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። መምህር መርስዔ ኃዘን ሽመክት መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ሞተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ይማር፤ የቅጣውንም።