በአፎቻው የስልክ ግሩፕ የላክኸው ድምፅ

ለወንድሜ ለአብዱልፈታ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል ወንድሜ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ሱመያስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው ብዬ እንዳልቀጥል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ስደት ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም ብሎ ሰፈሩ ሁሉ አፉን ይዞልሃል፤ እማም እንዳልነግርህ ለምናኛለች። እኔ ግን ታላቅህ ነኝ፤ እነግርሃለሁ። ብደውልልህ ከአጠገቤ ሆና ስለምትሰማኝ ጽፌ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ።

ክረምቱ ሲገባ የጀጎል ቧንቧ ደርቆ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ በጀሪካን የሚመጣ ውሃ ስንጠጣ አተት ገባብን። ተቅማጡና ትውከቱ ጠዋት ቆሞ የሄደውን ሰው ማታ ያጋድመዋል። የጤና ጣቢያ ሰዎች በድምፅ ማጉያ ከመጮህ ይልቅ በየቤቱ እየገቡ፣ ልጅ ሲታመምባችሁ መጀመሪያ የማንን ምክር ነው የምትሰሙት ብለው ጠየቁ። ሰፈሩ በሙሉ የእናትህን ስም ጠራ። ምን ይደንቃል? ሰው ሲሞት በየበሩ እየዞረች አፎቻውን፣ የሰፈሩን እድርተኛ፣ ለለቅሶ የምትጠራ እሷ፤ የማትገባበት ቤት የለ። የውሃ ማከሚያውን ጠብታ ሰጥተው አሠራሩን አሳዩአት፤ እሷም እየዞረች ለሴቶቹ አስተማረች። እሷ የገባችበት ቤት በሽታው ጋብ አለ።

ይኼኔ ያንተ ድምፅ መጣ። ጠብታው ሴቶቻችንን ሊያመክን የተላከ መርዝ ነው፣ ልጆቻችሁን አድኑ ያልከው። ሻይ ቤት የሰማኸው ወሬ ነው አይደል? ወሬውን እንኳ ይቅር እልህ ነበር። ግን የትም ልትለው ስትችል አፎቻው የስልክ ግሩፕ ላይ ጣልከው! እዚያ የሚነገረው ሞት ብቻ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። እዚያ የሰማ ሰው እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ለጎረቤቱ ሳያደርስም አይቀመጥም። ያንተንም እንደ መርዶ ተቀባበሉት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልሰማ ቤት አልነበረም።

እማም ሰማችው። ልጄን ሰው አሳስቶት ነው አለችና በማግስቱ ጠብታዋን ይዛ ወጣች። አብሮ አደግህ ሳኒ ሰው ይዞ ጠባቧ መንገድ ላይ ጠበቃት። ከወዲያም ከወዲህም ዘጉባት። የመጀመሪያው ድንጋይ ግንባሯን ፈነከታት። ስትወድቅ ክንዷን በዱላ ሰበሩት። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ሳኒ ደረቷ ላይ ተንበርክኮ፣ መንጋጋዋን ፈልቅቆ፣ አቦ መድኃኒት ከሆነ አንቺው ጠጪው እያለ ጠርሙሱን ጉሮሮዋ ውስጥ ይገለብጣል። ስንት ለቅሶ አብራቸው የተቀመጠቻቸው ሴቶች ዙሪያውን ቆመው አይዞህ ይሉታል። እጁን ነከስኩት፤ በርግጫ ጣሉኝ፤ ተነሥቼ እንደገና ነከስኩት። ወላሂ የደሙ ጣዕም እስካሁን አፌ ውስጥ አለ። ብችል ኖሮ እገድለው ነበር። ከመስጊድ የወጡት ሽማግሌዎች ባይደርሱልን ዛሬ የምጽፍልህ መርዶ ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእናትህም ክንድ በቅቤ አልታሸም፤ በጄሶ ታስሯል። ጉሮሮዋ ቆስሎ ድምፅ የላትም፤ ሹክ ብቻ ነው የምትለው። ፖሊስ ማን መታሽ ቢላት አላየሁም አለች። ተናደድኩባት። እሷ ግን፣ የሳኒን ልጆች አባት ላሳጣቸው ወይ አለችኝ። ሳኒ ይኸው ቤቱ ነው። ባለፈው ጁምዓ የበኩር ልጁን በአተት ቀበረ። የቀሩት ልጆቹ አሁንም ያንኑ ውሃ ይጠጣሉ። ሚስቱ መርየም ጠብታው ደጄን አይረግጥም፣ አብዱልፈታ ያለው ውሸት ከሆነ ራሱ ይንገረን ትላለች።

ስለዚህ ለእኔ ደውለህ ይቅርታ እንዳትለኝ፤ ስልኩን አላነሣም። ዛሬውኑ ያው ግሩፕ ላይ ግባ። ስምህን ጠርተህ ተናገር። ያላወቅሁትን አወራሁ በል፤ በእኔ ቃል እናቴ ተደብድባለች፣ የሳኒ ልጅ ተቀብሯል በል፤ ጠብታውን ውሃችሁ ውስጥ ጨምሩ በል። እንደ መርዶ ያደርሱልሃል። ታፍራለህ፤ አውቃለሁ። እፈር። መርየም በሯን የምትከፍተው ላንተ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሌላ ልጅ ሳይቀበር ተናገር።

ሱመያን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ እሷ ጥፋት የለባትም። ናስርንና ሀሚድን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አጎታችን ዓብዱላሂ ሰላም ብሎሃል፤ ስምህ ሲነሣ ግን ፊቱን ያዞራል። እማ ደህና ነች በይው ብላኛለች። ትናንት ስልኳን በደህና እጇ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ያንኑ መልእክትህን ደጋግማ ስትሰማ አገኘኋት። ይኼን ጉድ ለምን ትሰሚዋለሽ ብዬ ብጮህባት፣ ድምፁ ናፍቆኝ ነው አለችኝ።

ታላቅ እህትህ ዋፊቃ
ሐረር፣ ጀጎል
ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.