እስከ ቅዳሜ የሚቆይ መርዶ

ማክሰኞ

አስቴር ስንመጣ መርከቡ ላይ የሳቀችውን ሳቅ እያሰብኩ ነበር፤ ነፋሱ ባርኔጣዋን ሲወስደው «ይሂድ፣ እሱም ዕረፍት ይውጣ» ብላ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ለማስታወስ እየሞከርኩ ሳለ ነው ጋሽ ታደሰ ከእንግዳ ማረፊያው ጀርባ የጠሩኝ። የአስቴር ወንድም ጌታቸው ደሴ ላይ ዐርፏል። ትናንት። ዛሬ ተቀብሯል። የደወለው ሮተርዳም ያለው የአክስቷ ልጅ ነው።

ጫማዬ ሥር የተጣበቀ የበግ በጠጥ በእንጨት እየፋቅኩ ነበር፤ መፋቄን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስንመለስ ሮተርዳም ሆግቭሊት፣ ቤቷ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግራታል። እስከዚያ እንዳትሰማ። «መርዶ ሜዳ ላይ አይነገርም» አሉ። ከሦስት የሆላንድ ከተሞች ስድስት የማኅበር ሰው አሰባስበው፣ በእግር እንሂድ ብለው ዌልስ ድረስ ያመጡን እሳቸው ናቸው። አሁን ትከሻቸው ወርዷል።

እኔና አስቴር አንድ ክፍል ነን። ስልኬን ቻርጅ አድርጊልኝ ብላ ሰጠችኝ። ኔትወርክ የምታጠፋውን የአውሮፕላን ምልክት ነካሁ። ጣቴ እኔን ሳይጠይቅ።

«እዚህ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለም» አልኳት።

ረቡዕ

ጾም። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤ አንበላም ስንላት የማረፊያው ባለቤት ባቄላና ቲማቲም አቅርባ በሐዘኔታ አየችን።

ዝናብ። ዳገት። አስቴር ከፊት። ሆግቭሊት ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው ስትንከባከብ ብስክሌት ላይ ነው የምትውለው፤ እግሯ ብረት ነው። «ሆላንድ የማውቀው ዳገት የሜትሮ ደረጃ ነው» አለች። ወደ ኋላ ዞራ ደግሞ «ይበርቱ እንጂ ጋሼ፣ በጎቹ እየሳቁብዎ ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። ፈጥነን ሳቅን።

አጥር በተሻገርን ቁጥር ፎቶ ታነሳለች። ለጌታቸው ነው። እናቷ የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ የሁለቱም ድምፅ የሚመጣው በእሱ ስልክ ነው። «ኔትወርክ ስናገኝ ባንዴ ይደርሳቸዋል።»

የእህቴ ልጅ ሊያ አምስተርዳም ኖርድ ነው ያደገችው። ጋሽ ታደሰንም አንተ ትላቸዋለች፤ ለምደውታል። ከኋላ ቀርታ ያዘቻቸው።

«ለምን አትነግራትም?»

«እዚህ ማን ይደግፋታል?»

«እኛስ?»

«እኛ መንገደኞች ነን፣ ልጄ።»

«ዳት ካን ኒት፣ እንዲህማ አይሆንም። ወንድሟ እኮ ነው። ወሬው የእሷ ነው፣ የእናንተ አይደለም።»

ወደ እኔ ዞረች። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ታስሮ ነበር።

ሐሙስ

ጉም። ጫፉ ላይ ስንደርስ የሚታይ ነገር የለም፤ ነጭ ብቻ። አስቴር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ላጠች፤ እያንዳንዳችንን አጎረሰችን። ሊያ ፊቷን ሸፍና ራቅ አለች።

«ምን ሆነች?»

«ጫማው እግሯን ልጧት ነው።»

ውሸቱ ሳላስብ መጣልኝ። ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ ከሞቱ ይልቅ ይህ።

የደበቅነው እሷን ለመጠበቅ ነው? ወይስ ጩኸቷን ብቻችንን ላለመስማት ነው? ጋሽ ታደሰን ልጠይቅ ብዬ ተውኩት። ትክክል ቢሆኑስ። ሊያ ትክክል ብትሆንስ።

ዓርብ

መርከቡ ላይ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል አስቴርና እኔ የብረት መደገፊያውን ይዘን ቆመን ነበር።

«የስልኬን ኔትወርክ የዘጋሽው አንቺ ነሽ» አለች። ድምፅዋ የሁልጊዜው ነው።

ወደ ባሕሩ ዞርኩ።

«ማክሰኞ ነው ያየሁት። መልሼ መክፈት አቅቶኝ አይደለም።»

ብረቱን ለቅቄ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«መርዶ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚስቅ አውቃለሁ። እኔም ይዤ ስቄ አውቃለሁ።»

«አስቴር…»

«ማን እንደሆነ እንዳትነግሪኝ። እናቴ ትሁን ጌታቸው አላውቅም። እስከ ነገ ሁለቱም አሉ።»

ከዚያ በረደኝ፣ እንግባ አለች። ሻይ ጠጣን። ስኳሩን አቀበለችኝ። ያን ሁሉ ዳገት ይህን ይዛ ነው የወጣችው፤ የተሸከምነው እኛ መስሎን።

ቅዳሜ

ሆግቭሊት። የሕንፃዋ ደረጃ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ሊያ አጠገቤ ናት። ትናንት የሰማሁትን ለማንም አላወራሁም፤ ለጋሽ ታደሰም።

እሳቸው ቀድመውን ገብተው ነበር። ከሊፍት ስንወጣ በመስኮቷ መጋረጃ ሥር የነጠላ ጥለት አየሁ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ድምፅ ግን የለም። አስቴርም ሳታየው አልቀረችም። ሻንጣዋን ከጀርባዋ አውርዳ ለሊያ ሰጠቻት፤ ጸጉሯን በእጇ አስተካከለች። ልከተላት ስል መዳፏን ደረቴ ላይ አደረገች።

«አንቺ ቆዪ። ፊትሽን ካየሁ ቀድሜ አውቃለሁ።»

ይህን ስትል ፊቴን እያየች ነበር።

ገባች። በሩ ተዘጋ።