ማንም ሳይሞት መሮጥ

ሰኞ፣ የካቲት 3
ዛሬም ፍራሽ ላይ ተዘርሬ ዋልኩ። ወጌሻው አሽቶኛል፣ ዋግምትም ተደርጎልኛል። ወገቤ ግን ያው ነው። ባሌ ከነጭነት መኪናው አሰብ መንገድ ላይ ነው። እናቱ እማማ ደስታ ደግሞ ተኚ፣ ተኚ ይሉኛል። ስድስት ወር ተኛሁ እኮ፣ ደብተሬ! የልብስ ስፌት ማኅበሩ ወሩ ሳያልቅ ካልተመለስኩ የምሰፋበትን ሲንጀሬን ለሌላ ሊሰጥ ነው። ኃላፊዋ አዝና ነገረችኝ። ማዘኗ ምን ያደርግልኛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ሆስፒታል። ሐኪሙ ጎንበስ ቀና አሰኘኝ፣ ራጁን አየ። አጥንትሽ ደህና ነው፤ የጎዳሽ መተኛቱ ነው አለ። ፈጠን ብለሽ ተራመጂ፣ ሲለምድልሽ ሩጪ፣ ላብሽ ይውረድ። ያሾፈብኝ መሰለኝ። ወገቧን የታመመች ሴት ሩጪ ትባላለች? እሞክረዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን እሆናለሁ!

ሰኞ፣ የካቲት 10፣ ማለዳ
ሳምንቱን እስከ ጋሪ ማቆሚያው በእግሬ ስመላለስ ሰነበትኩ። ወገቤ ጮኸ፤ አልሰማሁትም። ቀለል ሲለኝ ዛሬ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሸርጬ በሰፈር መሃል ሮጥኩ።

ጉድ ፈላ! እንደዚያ አሸርጣ የምትሮጥ ሴት መርዶ የሰማች ናት፤ እንዴት አላሰብኩትም? አንዷ በሯን ከፍታ ኡኡ አለች። ዞር ስል ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይከተለኛል። ባሌ መኪናው ተገልብጦ የሞተ መስሏቸዋል። ማንም አልሞተም ብዬ ስጮህ ጭራሽ አበደች ብለው አለቀሱ። እማማ ደስታ ደረታቸውን ይደቃሉ። ሳቄም እፍረቴም አንድ ላይ መጣ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12
ቀበሌ ተጠራሁ። ጓድ ሊ/መንበሩ ሕዝብ አሸበርሽ አለኝ። ወገቤን እያከምኩ ነው ብዬ ስነግረው ሳቀ። ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሩጫውን ከለከለኝ።

ማታ እማማ ደስታ ልጄን በቁሙ አስለቀስሽብኝ ብለው አነቡ። አንጀቴን በሉት፤ እወዳቸዋለሁ። ግን እኔም ስድስት ወር በቁሜ ተቀብሬያለሁ። ማን አለቀሰልኝ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 15
መሮጥ ተውኩ፣ ሕመሙ ተመለሰ። ጫማዬን ጎንበስ ብዬ ማሰር አቃተኝ። ሰው ደስ ይበለው ብዬ ሲንጀሬን ላጣ ነው? በፍጹም!

እሑድ፣ የካቲት 16
የእድር ስብሰባ። ሴት አትናገርም፤ እኔ ግን ተነሳሁ። በዚህ ሰፈር ለቅሶ የሚነገረው በእድሩ ጥሩንባ ነው፤ ጥሩንባው ካልተነፋ ማንም እኔን አይቶ እንዳያለቅስ አልኩ። የእድሩ ዳኛ ደንቡ እንደዚያ ነው አሉ። ሊ/መንበሩም የእድሩ አባል ነው፤ ደንቡን መቃወም አልቻለም፤ ክልከላውንም አነሳሁ አላለም። እማማ ደስታ ነጠላቸውን ተከናንበው ቀድመውኝ ወደ ቤት ሄዱ።

ሰኞ፣ የካቲት 17፣ ንጋት
ነጠላዬን አስቀምጬ ለሩጫ የባሌን ሹራብ ለብሻለሁ። ወገቤ ያመኛል። ይመመኝ። ወሩ ሳያልቅ ሲንጀሬ ላይ እቀመጣለሁ። ቀበሌም ከፈለገ ይጥራኝ፤ ሮጬ እሄዳለሁ።