የእትዬ ብዙነሽ ስብ ስንት ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

አርባ ሁለት ነጥብ ሦስት! ከስብ መለኪያው ሚዛን ላይ አውርጄ እንደገና አቆምኳቸው። አርባ ሁለት ነጥብ አራት። ጭራሽ!

መስከረም አጋማሽ ላይ እትዬ ብዙነሽን ስመዘግባቸው የሰውነት ስባቸው አርባ አንድ በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አምስት ሳምንት ሳያጓድሉ ሠርተዋል። ስፖርት ከማሠራቸው አሥራ ሁለት ሴቶች በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ናቸው፤ ሲሠሩ ግን ወጣቶቹን ያሳፍራሉ። ጉንጫቸው ጎድሏል፣ ቀሚሳቸው ሰፍቷል፣ ኪሎአቸውም ትንሽ ወርዷል። ሚዛኑ ግን ስብ ጨመሩ ይላል።

ጫማቸውን እያጠለቁ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የሚመጣው ሰኞ ልለካና ካልቀነሰ ይብቃኝ። ላቤን አፍስሼ ስብ ከምገዛ ሱቄ ብቀመጥ ይሻለኛል።»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሐኪማቸው «ስኳር ደጃፍ ላይ ነዎት፣ የሆድዎን ስብ ያውርዱ» ብሏቸዋል። ከዚህ በፊት ሦስት ቦታ ጀምረው ሦስቴ ትተዋል። አሁን ከተዉ አራተኛ የለም፤ አውቃቸዋለሁ።

እኔ ደግሞ ሥራዬን አውቃለሁ። ሴትየዋ ቀንሰዋል። የተሳሳተው መለኪያው ነው፤ አረጋግጣለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ ራሴን መሞከሪያ አደረግሁ። የእኔ ስብ በአንድ ቀን፦

ሚዛኑ፣ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ፦ 24.1
ሚዛኑ፣ ማታ፦ 22.6
ቆዳ ቆንጥጦ ስብ የሚለካው መቆንጠጫ፣ መስታወት ፊት፦ 19 (ደስ አለኝ፣ አላመንኩትም)
ያው መቆንጠጫ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ፦ 23
የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንገትና ወገብና ዳሌ ለክቼ በስሌት፦ 26

በአንድ ቀን አምስት ሴት ሆንኩ።

መቆንጠጫው ላይ ጥፋቱ የእጄ ነው። ቆዳውን አንዴ ወፍራም፣ አንዴ ቀጭን አድርጌ እይዘዋለሁ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ነው ነገሩ። ሜትሩ ግን ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስቴም ያው ነው ያለኝ። ስሌቱን ባላምነውም ሜትሩን ወደድኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ስብን ከአጥንትና ከሥጋ ለይቶ የሚያሳይ የራጅ ማሽን ያለው ሆስፒታል አገኘሁ። ከሰፈሬ ከሳውዝ ሲ ሁለት ማታቱ ታክሲ ቀያይሬ ሄድኩ። ዋጋው አይቀመስም፤ ሴቶቼን አሰልፌ ላመጣቸው አልችልም። ቢሆንም አንድ ጊዜ ለራሴ ከፈልኩ። የሚዛኔን ልክ ሳላውቅ እንዴት ሰው ላይ እፈርዳለሁ?

ጋደም ብዬ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ። ክንድ የመሰለ ነገር ከላዬ ቀስ ብሎ አለፈ፣ አለቀ። 24.8። የጠዋቱ ሚዛኔ እምብዛም አልሳተም ማለት ነው! እዚያው መሳቅ ጀመርኩ። ባለሙያው፣ ረጋ ያለ ኬንያዊ፣ ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት።

ይሄ ማሽን ከሁሉም የተሻለ እንደሆነ፣ እሱም ግን ጥቂት እንደሚስት ነገረኝ። የቤቱ ሚዛን በእግር በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል። ውሃ ያለው ሥጋ ያሳልፈዋል፣ ስብ ያግደዋል። ስለዚህ ሰውነት ውሃ ካነሰው ሚዛኑ ስብ የበዛ ይመስለዋል። «ሴትዮዋ ማጂ ይጠጣሉ?» አለኝ።

ውሃ ይጠጣሉ ወይ? እንዴታ! ሁልጊዜ ጠጡ እያልኩ የምጮኸው እኔ አይደለሁ?

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን እትዬ ብዙነሽ ውሃ ሲጠጡ ያየሁበት ቀን ትዝ አልል አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

መሃል ከተማ ሱቃቸው ሄድኩ። በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ፤ ገና በሩ ላይ አስነጠሰኝ። ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር፤ ሐሙስ ልምምድ የለንም። የማንጎ ጭማቂ ይዤላቸው ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀበሉና ጠረጴዛው ሥር አስቀመጡት። ከንፈራቸው ደርቋል።

«አሁን ይጠጡት እንጂ፣ ይሞቃል» አልኳቸው።

«ቆይ ይቀመጥልኝ፣ ልጄ።»

ልጃቸው ብሌን ማታቱ እስክይዝ ሸኘችኝ። እዚሁ ኬንያ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ናት። እኔን ኮች ነው የምትለኝ።

«ኮች፣ ፕሊዝ እንዳትነግሪያት። እማዬ እየጾመች ነው። ጽጌን። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ፣ ላይክ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳን የለም።»

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋት። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው አለችኝ፤ የፈለገ ይጾመዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። እናቷ ደግሞ የፈቃድ ጾም ከተወራ ዋጋው ቀረ ባይ ናቸው። «ዊኬንድ ግን ጠዋት ትበላለች፣ ትጠጣለች። ሥጋና ወተት ብቻ ነው የማትነካው።»

እኔ ጴንጤዋ ምኑን አውቄ! የኦርቶዶክስን ጾም የማውቀው ኪሊማኒ ሰፈር ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን ክትፎ ሲያቆሙ ነው። በጽጌ ማንም ክትፎ አያቆምም።

በጣም አፈርኩ። ልምምዴ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሴትየዋን ከማታ ጀምሮ ውሃ ባልቀመሱበት አፍ ገመድ አስዘልያለሁ። «ትንሽ ጨምሩ፣ እትዬ!» እያልኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልጠጣሁም፣ ምንም አልበላሁም። ስምንት ሰዓት ላይ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። 26.9። ሁለት ቀን ሳይሞላኝ ሁለት በመቶ ስብ አበቀልኩ። ራሴን እያመመኝ ጨፈርኩ።

አሁን ችግሩ ቁጥሩ አይደለም። «እትዬ፣ ጾመው ስለሚለኩ ነው» ብል ምስጢራቸውን እንዳወቅኩ ያውቃሉ። ብሌንም ትጋለጣለች። ዝም ካልኩ ደግሞ ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ደርቀው ይመጣሉ፣ ሚዛኑ ያንኑ ይላል፣ እሳቸውም በቃኝ ብለው ይሄዳሉ።

ስለዚህ አዋጁን በሁሉም ላይ አወጣሁ። በቴሌግራም ለአሥራ ሁለቱም ላክሁ፦ ከእንግዲህ የምንለካው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ዓርብ ማታ ውሃ በደንብ ይጠጣል። ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ይመጣል። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ልምምዱ ወደ አሥር ሰዓት ተዛውሯል፤ ሙቀቱ በዝቷል።

ሙቀቱ እንኳ አልበዛም። ትናንት ሹራብ ለብሼ ነበር።

የመጣው መልስ፦ «ቅዳሜ እንኳን እንተኛ እንጂ!» «አሥር ሰዓት ልጆች ከትምህርት ቤት ይመጣሉ።» «ኮች ምን ነክቷት ነው?» አንዷ የምታለቅስ ፊት ብቻ ላከች። እትዬ ብዙነሽ «እሺ» አሉ።

ቢቀንስስ? ባይቀንስስ? ይቀንሳል። እኔ እነዚያን ጉንጮች አይቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ መጡ። እትዬ ብዙነሽ የመጨረሻዋ ነበሩ። ከቤት ሲወጡ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቻለሁ አሉኝ። ጎሽ፣ ችግር የለውም።

ሚዛኑ ላይ ወጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ አልጨፈንኩም።

39.4።

አውርጄ እንደገና አቆምኳቸው። 39.4። ከዚያ ሜትሬን አወጣሁ። ወገባቸው መስከረም ላይ ስመዘግባቸው ከጻፍኩት ስድስት ሴንቲሜትር ቀንሷል። የመስከረሙን የለካሁት ከሰዓት በኋላ ነበርና እውነቱን ለመናገር ልዩነቱ አንድም ይሁን ሁለት በመቶ ልምል አልችልም። ሜትር ግን ውሃ አይጠጣም። ስድስት ሴንቲሜትር ስድስት ሴንቲሜትር ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው፣ አንድም አልጨመርኩም።

ዓይናቸውን ገልጠው ቁጥሩን አዩት። «ይሄ የኔ ነው?» አሉ። ከዚያ አልቅሰው አቀፉኝ። እኔም አለቀስኩ። ሌሎቹ አጨበጨቡ፤ ትናንት ያማረሩት ሁሉ።

ሁሉም ሲሄዱ እሳቸው ቀሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብሌን ነግራሽ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው። «ተይው፣ ምንም አይደል። ሰኞ አሥር ሰዓት አልሽ?»

«አሥር ሰዓት።»

«መጣሁ» ብለው ወጡ።

ሳምንቱን ሙሉ የሚዋሽ መለኪያ ሳሳድድ ከርሜ በመጨረሻ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ብዬ ጸልያለሁ፤ ከልቤ መጸጸቴን ግን እንጃ። ሰኞ ይመጣሉ።