ፊልም ያስታረቅንበት ሰሞን

ሰኞ

ፊቴን ሊቆርጡት ነው። ዕድሜ ልኬን ምላጭ ይዤ የሰው ፊት ሳልቆርጥ ኖሬ፣ የኔን ፊት የፀጉር መቁረጫ ቶንዶስ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ያስቆርጠው!

ዛሬ ጠዋት ያፌት ላንቻ ወዳለው ፀጉር ቤቴ መጣ። ያፌት የፊልም ዳይሬክተር ነው። ጢሙን ላስተካክለው አስቀምጬው ፊቱን ሳየው ጨልሟል።

«ጋሽ ናስር፣ አቶ መኮንን የእርስዎን ሲን ከፊልሙ አውጣው አሉኝ።»

ምላጩን አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ወሬ እየሰሙ ምላጭ አይያዝም።

ለማያውቅ ሰው ልጻፈው። አምና፣ ፀጉር ቤቴ ካዛንቺስ እያለ፣ ያፌት ካሜራውን ይዞ መጥቶ ፊልም ሠራብን። እኔ ፀጉር አስተካካዩን ሆኜ ተጫወትኩ። ማለቴ፣ እኔ እኔን ሆኜ ተጫወትኩ፤ ከኔ የተሻለ እኔን የሚጫወት ሰው አልተገኘም። ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ተነሳ። ግማሹ ሰው ገላን፣ ግማሹ የት እንደገባ አላህ ይወቅ፣ እኔ ላንቻ። ያቺ ቤቴ አሁን ያለችው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ ጭንቅላቴ ውስጥና ያፌት ፊልም ውስጥ። ጭንቅላቴ ደግሞ እየረሳ ነው። ባለፈው የበሩን ቀለም ዘሃራ ሚስቴ አረንጓዴ ነበር ትላለች፣ እኔ ሰማያዊ። ተጨቃጨቅን። የሚዳኘን ፊልሙ ብቻ ነው።

አቶ መኮንን የሚባለው ወጪውን የቻለው ሰው ነው፤ ፕሮዲውሰር ይሉታል። ኦሎምፒያ ሱቅ ከፍቶ ሴራሚክ ይሸጣል። ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ መጨረሻው ይቀየር። ሁለተኛ፣ የኔ ሲን ይውጣ፣ ታሪኩን ያቆማል። ያፌት ደግሞ ተናዶ ሃርድ ዲስኩን ይዞ እናቱ ቤት ደብቆታል። አዳራሹ ለቅዳሜ ተይዟል። ፊልሙ አንዱ ጋ፣ አዳራሹ አንዱ ጋ።

መምህርት ቤዛ የጎልማሶች የማታ ትምህርታችንን ስንጨርስ «በየቀኑ ጻፉ፣ እጃችሁ እንዳይረሳ» ብላናለች። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ደረጃ አልተሰጠም። ቢሰጥ ግን እኔ ነበርኩ።

ማክሰኞ

ኦሎምፒያ ሄድኩ። አቶ መኮንን የመታጠቢያ ገንዳ ላይ ተደግፎ ስልክ ያወራል። ሲያየኝ ለምን እንደመጣሁ ገባው።

«ጋሽ ናስር፣ በእርስዎ አይደለም እኮ! እርስዎ ጥሩ ነዎት። ግን ሰውዬው ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፣ ተመልካቹ አገኛት ወይስ አላገኛትም ብሎ ልቡ ተንጠልጥሏል፣ እርስዎ ተቀምጠው ቀልድ ያወራሉ!»

«ቀልዱ አስቆህ የለ?»

«በጣም! እሱ ነው ችግሩ።»

ይኼን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

የፊልሙን መጨረሻም ነገረኝ። ባልየው የሚስቱን የልብስ ስፌት መኪና ሳይጠይቃት ሸጠባት። ጥላው ሄደች። ያፌት ሚኒባስ ውስጥ አሳፍሯት፣ ዞራ ሳታይ ያበቃል። አቶ መኮንን ደግሞ ትመለስ፣ ይታረቁ፣ ዘፈን ይግባ ይላል። «ሰው ከፍሎ ገብቶ አዝኖ አይወጣም» አለኝ። ጠበቃ ሊቀጥር ነበር።

«ጠበቃ ምን ያደርጋል? ሽማግሌ አለ አይደል?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ያፌት ለሽምግልና ይገዛል?» አለ። ደወልኩለት። ይገዛል። በቃ፣ አለቀ። ካገር ያልሆነውን ነገር በአገር ሥርዓት ያዝኩት። እንዲህ ያለ መላ የሚመጣላቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ሌሎቹን አላውቃቸውም።

ሽማግሌዎች፦

ጋሽ ተፈራ፦ ጡረተኛ አስተማሪ፣ የተለያየ ባልና ሚስት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም።

ሐጂ በድሩ፦ ጨርቅ ነጋዴ፣ ድሮ ልብስ ሰፊ የነበረ።

ሦስተኛው፦ እኔ።

ዘሃራ ሰምታ ሳቀች። «አንተ እኮ የሚቆረጠው ፊት ባለቤት ነህ! እንዴት ሆነህ ነው የምትዳኘው?»

«ገለልተኛ ሆኜ» አልኳት።

«ገለልተኛ? አንተ?»

«ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ፣ እችልበታለሁ።»

ረቡዕ

ፀጉር ቤቱን ዘጋሁ። ሦስታችንም ሽማግሌዎች መቁረጫ ወንበሮቹ ላይ ተደላድለን ተቀመጥን። ያፌት ሃርድ ዲስኩን ከእናቱ ቤት አምጥቶ ላፕቶፑን መስታወቱ ሥር ደገፈው። እንዲህ ያለ ሲኒማ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ የለም፤ ወንበሩ ይዞራል።

ፊልሙን አየን። ቤቴ መጣች። በሩ ሰማያዊ ነው። ለዘሃራ ወዲያው ደወልኩላት። «ሽምግልና ላይ አይደለህም እንዴ?» ብላ ዘጋችው።

ሲያልቅ ያፌት ተነስቶ ተናገረ። «ልጅቷ ከተመለሰች ፊልሙ ውሸት ነው። እኔ ስሜን ውሸት ላይ አልጽፍም።» አቶ መኮንንም ተነሳ። «ስሙን ብቻ ነው ያወጣው፤ እኔ ቤቴን አስይዤ ነው!» ሁለቱም በደንብ ተናገሩ። ጋሽ ተፈራ እንደ ወጉ «እስቲ ወጣ በሉልን፣ እንመካከር» አላቸው። ወጡ።

እንግዲህ ስህተታችንን ልጻፈው። ሽማግሌ ባለጉዳይን አስወጥቶ ሲመካከር የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ ባልና ሚስት። ሌላ ለምዶ አያውቅም።

ጋሽ ተፈራ ጀመረ። «መቼም ጥፋቱ የሱ ነው። መኪናዋን ገዝቶ ይተካላት፣ ጉልበቷን ይሳም፣ ትመለስ።»

ሐጂ በድሩ ወንበሩን አዙሮ አፈጠጠበት። «ትመለስ? ሳይጠይቃት ሸጦ? ተፈራ፣ አንተ የስፌት መኪና ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እጇን ነው የሸጠው!»

«ትዳር ነው እኮ ሐጂ! በአንድ መኪና ይፈርሳል?»

«በመኪና አይደለም፣ በንቀት ነው! ነገ ደግሞ ምኗን ይሸጣል?»

«ሰውዬው ተጸጽቷል! ናስር ጋ ሄዶ ፀጉሩን ሲቆረጥ አላለቀሰም?»

«ያለቀሰው ናስር ሲቀልድበት ነው!»

እኔ መሃል ገባሁ። የልጅቷ ዘመዶች ይጠሩ አልኩ። ወላሂ፣ እንደዚያ ብያለሁ። ለፊልም ልጅ ዘመድ ይጠራ!

ድምፃችን ውጭ ድረስ ተሰማ። ያፌትና አቶ መኮንን ሮጠው ሲገቡ ጋሽ ተፈራ ባርኔጣውን አንስቷል፣ ሐጂ ጀርባውን ሰጥቶ መስታወቱን ያያል። «ምን ሆናችሁ?» አለ አቶ መኮንን። ሐጂ ጣቱን ቀሰረበት። «አትመለስም!» ጋሽ ተፈራም፣ «ትመለሳለች!»

ያፌት ሳቁን መያዝ አቅቶት ፎጣ አፉ ላይ አደረገ። በመጨረሻ ባለጉዳዮቹ ሽማግሌዎቹን አስታረቁ። ያፌት ጋሽ ተፈራን ያዘ፣ አቶ መኮንን ሐጂን። ተሳሳሙ። ለነገ ቀጠሮ ይዘን ተለያየን። ጋሽ ተፈራ ሲወጣ በሹክሹክታ፣ «ግን ትመለሳለች» አለኝ።

ሐሙስ

አቶ መኮንን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ሌሊቱን ሲያስብ አድሯል።

«ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች በልብስ ስፌት መኪና ሊደባደቡ ደረሱ» አለ። «እኔ ሰው አዝኖ ይወጣል ብዬ ነበር የፈራሁት። እየተጨቃጨቀ ከወጣ ግን… ሐጂ፣ እርስዎ ሚስትዎን ይዘው ይመጣሉ አይደል?»

«ልጆቼንም» አለ ሐጂ።

«እኔም ባለቤቴን አመጣለሁ፣ ትፈርድልኛለች» አለ ጋሽ ተፈራ።

አቶ መኮንን እጁን ዘረጋ። «ያፌት፣ መጨረሻው ያንተ ይሁን።»

ያፌት ዓይኑ ረጠበ። አልሐምዱሊላህ አልን። ልንመርቅ እጃችንን ስናነሳ አቶ መኮንን ቀጠለ፦

«የጋሽ ናስር ሲን ግን ይውጣ። እኔም አንድ ነገር ይዤ ልግባ እንጂ!»

እውነቱን ነው። ከሽምግልና ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው መኖር የለበትም። አንዱ ብቻ ከተሸለመ ነገ ነገሩ ይነሳል። ያፌት ግን «በጭራሽ!» አለ። «ያቺ ቤት ከወጣች መጨረሻውም ይቅር፣ ሁሉም ይቅር!» ሃርድ ዲስኩን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። አቶ መኮንንም ሊሄድ ቁልፉን አነሳ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች እኔን ያያሉ። እኔም መስታወቱ ውስጥ እኔን አየሁ። አሁን እንግዲህ ገለልተኛ ሁን ናስር!

ስለ ቀልዴ አሰብኩ። ባልየው ዕርቅ ልሄድ ነው ቶሎ ቁረጠኝ ሲለኝ፣ «ልጄ፣ ፀጉር ቢሄድ እዚያው ራስህ ላይ ይበቅላል፤ ሚስት ከሄደች ግን የምትበቅለው ሌላ ሰው ቤት ነው» እለዋለሁ። ከራሴ አፍ የወጣ ነው፣ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ካሜራ ያዡ ሳቀና ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ደግመን ቀረጽን። ከዚያ ደግሞ ስለ ቤቷ አሰብኩ።

«ታሪኩን የሚያቆመው ወሬዬ ነው አይደል?» አልኩ።

«ወሬዎ ነው» አለ አቶ መኮንን።

«እንግዲያው ወሬዬ ይውጣ፣ ፊቴም ይውጣ። ቤቷ ግን ትቆይ። ዝም ብላ ትታይ።»

 ያፌት ቦርሳውን መልሶ ከፈተ። ከበሩ በኩል በሰፊው የተነሳ ምስል አለው፤ ሳይጠቀምበት የተወው። እኔ እዚያ ከጀርባ ነኝ። እጄና ቶንዶሱ ነው የሚታየው። አቶ መኮንን «አጭር ይሁን እንጂ» አለ። ተጨባበጡ። መረቅን። ሐጂ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ፍርዱን ለዘሃራ ስነግራት፣ «ዝም ስትል ላይህ ነው በለኛ! ፊት ወንበር ያዝልኝ» አለች።

ዓርብ

ሥራ በዝቶ ብዙ አልጻፍኩም። የድሮው ሰፈር ሰው ለነገ ሊቆረጥ ከገላን ድረስ መጣ። ሁሉም «አንተ የት ጋ ነው የምትወጣው?» ይለኛል። «ጀርባዬን ጠብቁ» እላለሁ። ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ።

አንድ ነገር ከነከነኝ። በደህናው ጊዜ ፊልም ላይ እወጣለሁ ብዬ ያላወራሁለት ሰው የለም። መርካቶ ሳይቀር።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሞላ። ገና ሳይጀመር ሰው ሁሉ ወንበር ዘሎ ይሳሳማል። ከዚያ በፊት የተገናኘነው ለቅሶ ላይ ነበር።

ባልየው ወደ ፀጉር ቤቱ ሲሄድ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። በሩ መጣ። ሰማያዊ። ዘሃራ በክርኗ ጎሸመችኝ። ቤቷ ወለል ብላ ታየች። የተሰነጠቀው መስታወት፣ የአላሙዲ ወንበር የምንላት ቆዳዋ የተቀደደ ወንበር፣ ከውጭ የሚገባው ፀሐይ። ወሬ የለም። የቶንዶሱ ድምፅ ብቻ። እጄ ያምራል፣ እውነት ለመናገር።

«የናስር ቤት!» አለ አንዱ። «ያ የነኤልሳ አጥር ነው!» አለ ሌላው። ልጆች ያፏጫሉ። እኔ ኮራ ብዬ ዞር ዞር እላለሁ።

ከኋላ አንዲት ሴት «አባዬ!» ብላ ጮኸች።

ሰው ሁሉ ዞረ። የሽፈራው ልጅ አልማዝ ናት። ሽፈራው ጎረቤቴ ነበር፣ ባለ ጋራዥ። ሰፈር ከተነሳ በኋላ ብዙም አልቆየም፣ አረፈ። የቀረጻው ዕለት የተራ ጠባቂዎቹ አግዳሚ ላይ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። ተነሳ ሲሉት እምቢ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ አላስታውስም። ብቻ አለ። ጋዜጣውን ገልጦ፣ ወደ በሩ ቀና ብሎ፣ ለሆነ ሰው ፈገግ አለ። ምስሉም አለፈ።

«መልሱት!» አለ አንድ ሰው። «መልሱት፣ ደግሞ እንየው!» አዳራሹ በሙሉ ተቀበለው። ያፌት ብድግ ብሎ ራሱን ያዘ። ፊልሙን ከአቶ መኮንን አድኖ ለሰፈር ሰው ሊያስረክበው ነው! አቶ መኮንን ግን በሩ ጋ ቆሞ ወደ ማሳያው ክፍል እጁን አወዛወዘ።

መለሱት። ሽፈራው እንደገና ጋዜጣውን ገለጠ፣ እንደገና ፈገግ አለ። አልማዝ በዚህኛው አልጮኸችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችው።

መጨረሻ ላይ ልጅቷ ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ሳትዞር ሄደች። ሲወጣ ሰው ሁሉ ይጨቃጨቃል። የጋሽ ተፈራ ሚስት ለሐጂ ፈረደች። ጋሽ ተፈራ ብቻውን ወደ ታክሲ ሲሄድ አየሁት።

እሑድ

አቶ መኮንን ደወለ። «ጋሽ ናስር፣ ሰው ያቺን ፀጉር ቤት ነው የወደዳት! ትርዘም ብዬ ያፌትን ብጠይቀው፣ ፊልሙ አልቋል አይነካም አለኝ። እርስዎ ያናግሩት። ቀልድዎ ይመለስ፣ ፊትዎ ይመለስ!»

 ይኼንን ነበር ሳምንቱን ሙሉ ልሰማው የፈለግኩት። መርካቶም አፉን ይዘጋ ነበር።

«ፊቴ ከተመለሰ ካሜራው የት ይሆናል?» አልኩት።

«እርስዎ ላይ ነዋ!»

«አግዳሚው አይታይም ማለት ነው?»

 «ያው… አይታይም።»

«እንግዲያው አስብበታለሁ» አልኩት።

ውሸቴን ነው፣ አስቤ ጨርሻለሁ። አልማዝ ዛሬ ጠዋት ከልጇ ጋር አባቷን ልታይ ተመልሳ አዳራሹ ደጃፍ ተሰልፋ ነበር አለችኝ ዘሃራ። አቶ መኮንን ይጠብቅ።

ቀልዴን ግን ሐሙስ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። አሁን ደግሜ አነበብኩት። ብቻዬን ሳቅሁ። ዘሃራ ከጓዳ «ምን ሆነህ ነው?» አለች። «ና ንገረኝ» እስክትል እየጠበቅኩ ነው። እስካሁን አላለችም።