ፀሐይ በጠፋችበት ክረምት የጮኸው መሣሪያ

ይድረስ በጅቡቲ ወደብ ለሚኖረው ለወንድምዓለሜ ለቴዎፍሎስ ይግዛው፤ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይ? የነሐሴው ሙቀትስ እንዴት እያደረገህ ነው? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ያስቀደምኩት የሚከተለውን ስታነብ ልብህ እንዳይሸበር ብዬ ነው።

ወንድሜ፣ ቤታችን የለም። ከመንደሩ በላይ ያለው ገደል ተንዶ ቤቱንም፣ በረቱንም፣ የእማዬን የጌሾ ጓሮም ይዞ ወረደ።

ገደሉ ላይ የመሬቱን መነቃነቅ የሚያዳምጥ መሣሪያ መትከሌን ነግሬህ ነበር። ኃይሉን የሚያገኘው ከፀሐይ ስለሆነ፣ አምና ክረምቱ ሲጠና ባትሪው አልቆ ዝም አለ። ስሌቱን የሚሠራለት ቺፕ ውስጡን እንደገና ማደራጀት የሚቻል ዓይነት ነው፤ እኔ ግን ሥራ ኖረም አልኖረም ሁለመናው ነቅቶ እንዲውል አድርጌው ኖሯል። ሰው በሌለበት ክፍል ሁሉ መብራት አብርቶ እንደመተው በለው። ዘንድሮ ለወጥኩት። የምታዳምጠው ትንሿ ክፍል ብቻ ነቅታ ትቆያለች፤ የቀረው ክፍል ኃይል አያገኝም። መሬቱ ሲነቃነቅ ቺፑ ራሱን መልሶ ያደራጅና ያሰላል፤ አደጋ ከሆነ ይጮኻል።

ለፍልሰታ ወደ ዳባት፣ ወደ እነእማዬ ቤት ወርጄ ነበር። ዝናቡና ጉሙ ፋታ አልሰጠም፤ ፀሐይ ከታየች ሰንብቷል። ባትሪው አልቋል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ሳለ፣ አባባ ቅዳሴ ላይ እንዳሉ መሣሪያው ጮኸ። ውኃ ገብቶበት ነው የተሳሳተው አልኩና ጃንጥላዬን ይዤ ላጠፋው ወደ ገደሉ ተነሣሁ። እማዬ በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺ የሠራሽውን አንቺ ካላመንሽው ማን ሊያምነው ነው?» አለችኝ።

እሷ ክንዴን ሳትለቅ ጎረቤታችንን ገዱን ተጣራች፤ እሱም ልጆቹን አስወጥቶ በሬዎቹን ፈታ። ሁላችንም ሸሽተን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስንደርስ ምድሩ አጓራ። ዞር ስል ቤታችን እንደቆመ ትንሽ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ጭቃው ዋጠው። ልወጣበት የነበረው መንገድም አብሮ ሄደ።

አባባ ከቅዳሴ ሮጠው ወጡ። እኛ አጠገባቸው ቆመን፣ እሳቸው ወደ ጭቃው ዞረው ስማችንን ይጠሩ ነበር። እማዬ እጃቸውን እስክትይዛቸው ድረስ አላዩንም።

አሁን ደባርቅ እኔ የተከራየሁት ቤት ነን። ኮሌጅ አብረውኝ የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ባትሪው በዚያ ሁሉ ደመና እንዴት እንደቆየ ይጠይቁኛል። ልነግራቸው ስጀምር ጃንጥላዬን ይዤ የተነሣሁት ትዝ እያለኝ ወሬውን እቀይራለሁ። እማዬ ለቤቱ አላለቀሰችም። ትናንት ብቻ፣ «ቴዎፍሎስ ሲመጣ በየትኛው በር ሊገባ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እባክህ ደውልና ድምፅህን አሰማት።

አባባ እግዚአብሔር ይጠብቅህ ይሉሃል። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ገዱና ልጆቹ ሰላም ብለውሃል። ለባለቤትህ ለአልጣሽ ነገሩን ቀስ አድርገህ ንገራት፤ ሕፃኑን ቃለ አብን ግንባሩን ሳምልኝ።

እኅትህ ናዝራዊት ይግዛው
ደባርቅ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.